ብትቀሪ የሚፈልግሽ ማን ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአንዲት ተማሪ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እንደምን አሉ እትዬ? ስድስት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ክረምት ላይ ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ መውጣት እፈልጋለሁ። ሁለት ቦታ አግኝቻለሁ። አንደኛው ካዛንቺስ ያለ ትልቅ ድርጅት ነው። ሊፍት አለው፣ ባጅ ይሰጣል፣ ለትራንስፖርት በወር 4,000 ብር ይከፍላል። ሥራው ‹ኮሙኒኬሽን ማገዝ› ነው ብለውኛል። የሚረዷቸውን እናቶች ፎቶ አነሳለሁ፣ ታሪካቸውን እጽፋለሁ። ሁለተኛው አፍንጮ በር አካባቢ ያለ የዕድሮች ኅብረት ነው። ሁለት ክፍል ቢሮ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር፣ ክፍያ የለም። አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ይደግፋሉ። የምኖረው ጀሞ ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። እናቴ ስለ ዕድሩ ስነግራት ‹ዩኒቨርሲቲ ያስገባሁሽ ጥሩምባ እንድትነፊ ነው?› አለችኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ሲቪሽ ላይ ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው?› ይሉኛል። እኔ ግን ስለ ማኅበራዊ ፍትሕና ስለ ማኅበረሰብ መሪነት ሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ ስሰማ ቆይቼ፣ አንድም ቀን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የት ብሄድ ነው የምማረው? ወይስ የዋህ ሆኜ ነው? ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ምን ልልበስ?
ግራ የገባኝ፣ ከስድስት ኪሎ»

ውድ ግራ የገባሽ፣

የዋህ አይደለሽም። የዋህ ሰው ሊፍትና ባጅ ሲያይ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ሄዶ ይፈርማል።

ስለ ልብሱ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። በገንዘቡ እንጀምር። መካሪ የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አልፎ ወደ ዓላማ ይሮጣል። ዓላማ ግን ታክሲ አያሳፍርም።

ከጀሞ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ፒያሳ፣ ከዚያ በእግር። ሲሄዱ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለሱ ሁለት። ክረምት ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ሰልፉ ይረዝማል፣ ታክሲውም ይጠፋል። የአንድ ቀኑን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጻፊና በሃያ ሁለት የሥራ ቀን አባዢው። ምሳ ጨምሪበት። የወጣውን ቁጥር ለእናትሽ አሳዪያቸው። ቤቱን የሚያናጋ ከሆነ ካዛንቺስ ሂጂ። ማንም አይፈርድብሽም፤ እኔም አልፈርድም። ሁለት ወር በነፃ መሥራት የሚችለው ከቤቱ የሚደጎም ልጅ ብቻ ነው። ስለ ፍትሕ በሚያወራ ሙያ ውስጥ ከጀሞ የመጡት ለምን እንደሚያንሱ ከዚህ ተነስተሽ ማሰብ ትችያለሽ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ከቸገረሽ ይኸውልሽ።

ግን ከመወሰንሽ በፊት የዕድሮቹን ኅብረት አንድ ጊዜ ጠይቂያቸው። «በሳምንት ሦስት ቀን ብመጣስ? የታክሲዬን ብትሸፍኑልኝስ?» በይ። ነውር የለውም። ሰው ዕድር ቤት ገብቶ ስለ ገንዘብ ቢጠይቅ ማንም አይደነግጥም፤ ሥራቸው ራሱ ሳንቲም መቁጠር ነው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ።

እኔ የድርጅት ሥራ የጀመርኩት በ1990ዎቹ፣ እንዳንቺ ተለማማጅ ሆኜ ነው። የድርጅቱን ስም ልተወው። ከመርካቶ በላይ ባለ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ለእናቶች ሥልጠና ይሰጥ ነበር። የእኔ ሥራ በር ላይ ተቀምጦ ማስፈረም ነው። መፈረም የማይችሉት አሻራ ያደርጋሉ። ሰማያዊ ቀለም ያለባት ክብ ቆርቆሮ ነበረችኝ። አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫን፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫን፣ «ቀጣይ!»

አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ከሰጡኝ በኋላ አልሄዱም። እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እጅ ነው፤ የአውራ ጣታቸው መስመር በምጣድ ተልጦ አሻራው አልወጣ አለኝ። ሁለቴ ደገምኩት። «ልጄ፣ ይሄን የት ነው የምትወስጂው?» አሉኝ። «ለሪፖርት ነው እማማ» አልኳቸው። «ሪፖርቱን ማን ያነበዋል?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ጣታቸውን በጠረጴዛው ልብስ ጫፍ ጠረጉ። በነጠላቸው አልጠረጉም፤ ነጠላቸው ነጭ ነበር።

ስማቸውን ረስቼዋለሁ። ተራ ቁጥራቸውን ግን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ 47።

ከዚያ በኋላ ጉንፋን ይዞኝ ሁለት ቀን ቀረሁ። ስመለስ ሌላዋ ተለማማጅ በእኔ ወንበር ተቀምጣ ታስፈርማለች። አለቃዬ መቅረቴን አላወቀም። እናቶቹም አላወቁም። በር ላይ ማንም ሴት ልጅ ብትቀመጥ ያው ነበር። አንቺ ከመምረጥሽ በፊት ሁለቱንም ቦታ በአንድ ጥያቄ መዝኛቸው የምልሽ ከዚህ የተነሳ ነው። ለሁለት ቀን ብትቀሪ፣ የሚፈልግሽ ማን ነው? «የት ጠፋች?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ከሌለ፣ ከአንቺ የሚጠበቅ ሥራ የለም ማለት ነው። የሚጠበቅብሽ ሥራ በሌለበት ደግሞ ወንበር ማሞቅ እንጂ ሌላ ነገር አትማሪም።

ካዛንቺስ ብትቀሪ ማን ይፈልግሽ ይሆን? ምናልባት ባጅ የሚሰጠው ሰውዬ። አፍንጮ በር ብትቀሪ ግን፣ እሁድ የሚነበበውን የመዋጮ ዝርዝር እንድትጽፊ የጠበቁሽ የዕድሩ ጸሐፊ ይቆጣሉ። ቁጣቸው ደስ አይልም። ግን ትምህርቱ እሱ ጋ ነው።

ስለዚህ መልሴ ግልጽ ነው። የታክሲው ሒሳብ ካልገደለሽ ወደ ዕድሩ ሂጂ።

«እዚያ ምን ፍትሕ አለ? ድንኳንና ንፍሮ ነው» ትይ ይሆናል። እስቲ እሁድ ጠዋት ስብሰባቸው ላይ ተቀምጠሽ አድምጪ። እኔ ከተቀመጥኩባቸው የአንዱን ልንገርሽ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ዳር ሄደ። ዕድር ደግሞ በሰፈር የተሠራ ነገር ነው። ጥሩምባ የሚሰማው እስከተወሰነ ርቀት ነው። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሲያዋጡ የኖሩ፣ አሁን ዳር ወጥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰው አሉ። አባል ናቸው ወይስ አይደሉም? መዋጮውን በሞባይል ይልካሉ፤ ቀብር ግን አይደርሱም። ቀብር የቀረ ይቀጣል ይላል ደንቡ። ይቀጡ? እሳቸው ቤት ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑ እዚያ ድረስ በምን ይሂድ? የመኪናውን ማን ይክፈል? አንዱ ሽማግሌ ተነስተው «ደንብ ደንብ ነው» አሉ። ከኋላ የተቀመጡ እናት ሳይነሱ «ደንቡን ስንጽፍ ሰፈሩ ነበር» አሏቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። ክርክሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ የርቀት አባል የሚባል ነገር ፈጠሩ። ግማሽ መዋጮ፣ የቀብር ቅጣት የለም፣ ድንኳን በሌለበት በጥሬ ገንዘብ። እኔ ያን ዕለት ስለ መልሶ ማስፈር የተማርኩትን በአምስት ወርክሾፕ አልተማርኩም። ሻይ እረፍትም አልነበረውም።

መዝገቡን ደግሞ ገልብጪው። ፈቃድ ጠይቀሽ፣ በእርጋታ። ብዙዎቹ መዝገቦች ላይ «አባወራ» የሚል መደብ ታያለሽ። ከሥሩ የወንድ ስም ነው የሚደረደረው። ሴቶቹ የት አሉ? ባላቸው ስም ውስጥ። ባልና ሚስት ቢፋቱስ? ባልየው ከነአባልነቱ ይሄዳል። እሷ ሃያ ዓመት ለሰው ለቅሶ ስታቦካ፣ ስትጋግር፣ ድስት ስታጥብ ኖራ፣ የራሷ እናት ብትሞት ድንኳን ላታገኝ ትችላለች። ሴቶች የየራሳቸውን የሴቶች ዕድር የያዙት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ የሕግ ትምህርት ቤት ጓደኞች ካሉሽ አስጠጊያቸው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ የሕግ ምክር ሊጠይቁ የሚመጡትን ሴቶች ጉዳይ ይይዝ ነበር። በዚያው በኩል ሕጉ እንዲለወጥ ተሟገተ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ። ባልና ሚስትም ቤታቸውን እኩል እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ሕጉ ባልን ከራስነት ካወረደው ሃያ አምስት ዓመት አለፈ። የዕድር መዝገቡ ግን ብዙ ቦታ ገና አላወረደውም። ይህን በመጽሐፍ አታገኚውም፤ መዝገቡ ላይ ቁጭ ብለሽ ስትጽፊ ነው የምታገኚው።

ከዚያ ተከራዩ አለ። በየስድስት ወሩ ቤት የሚለቅ ሰው የት ዕድር ይገባል? የቤት ሠራተኛዋስ? ከገጠር መጥታ፣ ዘመድ የሌላት፣ አሠሪዋ ቤት ታማ ብትሞት ማን ይቀብራታል? አንዳንዱ ዕድር ይቀብራል፤ አንዳንዱ «አባል አይደለችም» ይላል። አንቺ «የማኅበራዊ መገለል ንድፈ ሐሳብ» ብለሽ ፈተና ላይ የጻፍሽው ይህ ነው።

ግን አደራ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ልታርሚያቸው እንዳትነሺ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሕዝብ መሃል የመውጣት ልምዱ የዛሬ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ተጀምሮ፣ የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ ያገለግል ነበር። አብዛኛው በአስተማሪነት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና መምህር ገጠር ገባ። ሄደው የተመለሱ ታላላቆቼን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ሕዝቡን ልናነቃ ሄድን የሚሉት፣ ወሬያቸው ስለ ራሳቸው ነው። ማረስ ያስተማራቸውን ገበሬ በስሙ የሚጠሩት ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው የመጡት። አንቺ የሁለተኞቹን ሁኚ። «ለምን እንደዚህ ታደርጋላችሁ?» ከማለትሽ በፊት «ይሄ ነገር እንዴት ተጀመረ?» በይ። ሁለተኛው ጥያቄ ሻይ ያስጋብዛል።

አንድ ጠዋት ደግሞ ከጥሩምባ ነፊው ጋር ሂጂ። እናትሽ ንቀው የጠሩት ሥራ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝና እናትሽ ተሳስተዋል። ከዕድሩ ሁሉ ሰፈሩን በር በበር የሚያውቀው እሱ ነው። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን በር ሦስት ቀን እንዳልተከፈተ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቆመ ያውቃል። አሁን አሁን የቴሌግራም ግሩፕ እየተካው ነው። ቴሌግራም የሌላቸው እነማን እንደሆኑ የሚያውቀውም እሱ ነው። «የማኅበረሰብ መሪ» ተብሎ ሥልጠና ተጠርቶ ግን አይቼው አላውቅም።

ሁለት ወር ውስጥ ምን ሠርተሽ ልትወጪ? ትንሽ ነገር ያዢ። ኤክሴል ትችያለሽ? እንግዲያው የአባላቱን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር አዘዋውሪ፣ ለጸሐፊውም አሠራሩን አሳዪያቸው። አንቺ ስትሄጂ የሚቆም ሥራ አትጀምሪ። ሌላው ምስጢር ነው። ዕድር መዝገብ ላይ የማን ባል በምን እንደሞተ፣ ማን ስንት ወር እንዳልከፈለ ሁሉ አለ። ያየሽውን ስድስት ኪሎ ካፌ ላይ ካወራሽው፣ በማግስቱ አፍንጮ በር ይደርሳል። መንገዱ አጭር ነው።

ካዛንቺስ የምትሄጂ ከሆነስ? ያም ይሁን። ትልቅ ድርጅት ሁሉ ባዶ አይደለም። ፕሮጀክት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ ሒሳብ እንዴት እንደሚወራረድ እዚያ ታያለሽ። ዕድሩ ጋ ይህን አታገኚም። ትንሽ ታሪክም ያዢ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። ያን ጊዜ እኔ የምጽፋቸው ፕሮፖዛሎች ላይ «መብት» የሚለውን ቃል እየፈለግን በ«ልማት» እንቀይር ነበር። አንድ ጊዜ «የሴቶች መብት» ያለውን በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ቀይረን፣ «የሴቶች ልማት ተጣሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለጋሽ ጋ ሄደ። ሳቅን፤ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ። ቃሉ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ወደ ሥራው መመለስ አለመመለሱን ገብተሽ እዪ።

የፎቶው ነገር ግን አሳስቦኛል። አንዲት እናት ዘይትና ዱቄት ልትቀበል ተሰልፋ ሳለ ካሜራ ይዘሽ «ፎቶ ላንሳዎት?» ብትያት እሺ ትላለች። ያ እሺታ አይደለም። እምቢ ብትል ዘይቱ ይቀርባት እንደሆነ አታውቅም። ስለዚህ ዕርዳታው ከተሰጠ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ቤቷ ሄደሽ ጠይቂ። ፎቶው የት እንደሚወጣ ንገሪያት። አንስተሽ ስታበቂ ስልኩን ለእሷ ስጪና ትየው። «ይሄን አጥፊው» ካለች እዚያው ፊቷ አጥፊው። ታሪኳንም ስትጽፊ የምትጽፊውን አንብቢላት። ልጇ ትምህርት ቤት «የዕርዳታ ልጅ» ተብሎ ሊሰደብ ስለሚችል ስሟን ቀይሪ። ኃላፊሽ «ለጋሾች ፊት ማየት ይፈልጋሉ» ካሉሽ፣ እጇን፣ ጀበናዋን፣ የምትሸጥበትን መደብ አንሺ። ጥሩ ፎቶ አንሺ ከእጅ ብዙ ነገር ያወጣል። አሁንም አይሆንም ካሉ፣ «ይህን እኔ አልሠራም፣ ሌላ ሥራ ስጡኝ» በይ። ተለማማጅ በዚህ ብዙ ጊዜ አይባረርም፤ ቢበዛ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋ ይላካል። እዚያም ኖሬያለሁ፣ አይሞትም።

በትራንስፖርት በኩል ደግሞ፣ ድርጅቱ «የአስተዳደር ወጪያችን ከ20 በመቶ መብለጥ ስለማይችል ነው» ብሎ ቃል የገባውን ቢቀንስብሽ፣ 20 በመቶው እውነት ሕግ ነው። ግን ያ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ ወጪ ነው። አንቺ ፕሮጀክቱ ላይ እየወጣሽ ከሠራሽ ታክሲሽ የፕሮጀክት ወጪ ነው። በትሕትና አስታውሺያቸው።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ከትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ አስጽፊ፣ ማህተሙን አይተሽ ውጪ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ይዤ ከስድስት ኪሎ ሳሪስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን ዛሬም ያናድደኛል። ኮፒ አስቀሪ። ቦታው ላይ ከሄድሽ በኋላ ማን እንደሚከታተልሽ በስም ተነጋገሪ፣ ምን እንደምትሠሪ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ሁለታችሁም ፈርሙበት። የምስክር ወረቀት እንደሚሰጡሽም መጀመሪያውኑ ጠይቂ፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ ኃላፊው ፊልድ ነው የሚባለው። የዕለት ማስታወሻሽን ማታ ማታ ጻፊ። ዓርብ ላይ የሳምንቱን አጠራቅሞ የሚጽፍ ሰው ልብ ወለድ ነው የሚጽፈው።

አንድ ነገር ደግሞ በሁለቱም ቦታ። የሚከታተልሽ ሰው ወንድምሽን ይሁን አባትሽን የሚያህል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ «ሪፖርትሽን እራት ላይ እንየው» ካለሽ አትሂጂ። እጁን ካሳረፈብሽ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፊ፣ ለሌላ ሰው በዚያው ዕለት ንገሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ከልክሎታል። «ተለማማጅ ነኝ፣ ማርኬን ያበላሸዋል» ብለሽ ዝም አትበይ። አማካሪ መምህርሽ ጋ ሂጂ፣ የዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ጾታ ቢሮ ጋ ሂጂ። ማርክ ይስተካከላል።

ሲቪ ላይ ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው ላሉት ጓደኞችሽ፣ የሠራሽውን ጻፊ። የስንት ሰው መዝገብ እንዳዘዋወርሽ፣ ስንት ቤት እንደጎበኘሽ፣ የትኛው ደንብ ሲሻሻል ቃለ ጉባኤ እንደያዝሽ። ቀጣሪ ሆኜ ብዙ ሲቪ አንብቤያለሁ። «ኮሙኒኬሽን አገዝኩ» የሚል ሃምሳ መጥቶልኝ ያውቃል። «የዕድር ቃለ ጉባኤ ያዝኩ» የሚል አንድ መጥቶ ልጅቷን በዚያው ቀን ደውዬ ጠራኋት። ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚችል ሰው ብርቅ ነው።

እናትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ አትሞክሪውም። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ አባትሽ ያረፉ ዕለት ድንኳኑን ማን እንደተከለው ጠይቂያቸው። በስም ያውቋቸዋል። ወንበሩን ማን እንዳመጣ፣ ሦስት ቀን ማን በር ላይ እንዳደረ ይነግሩሻል። አንቺ ስም ብቻ እየያዝሽ አዳምጪ። የሚቀጥለውን ነገር ራሳቸው ይሉታል፤ ካላሉም በማግስቱ የታክሲ ሲሰጡሽ ታውቂያለሽ።

ልብሱ። ዝቅ ያለ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ። አፍንጮ በር ቁልቁለት ነው፣ ኮብልስቶኑ በሐምሌ ያንሸራትታል። ጃንጥላ። ቀሚስ ከሆነ ረዘም ያለ፣ ሱሪ ከሆነም ችግር የለውም፤ የዕድሩ እናቶች ሦስት ቀን አይተውሽ ይለምዱታል። ነጠላ ደግሞ አጣጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ። ድንገት ጥሩምባ ከተነፋ ቢሮው ይዘጋል፣ ሁሉም ለቅሶ ይሄዳል። አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ።